ባቡሩን ያዞሩት ጉድጓድ ቆፋሪ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ሰኔ የጀመረው ዝናብ እስከ መስከረም አላባራም። ለከተማው ባቡር የተቆፈረው ሁሉ ውሃ ሞላው። ሁለት ግንብ ፈረሰ። ሠራተኛው እያሳለ ወደ ቤቱ ተበተነ።

በዚያ ክረምት አንድ ወጣት መሬት ቀያሽ የመሥመሩን ንድፍ ይዞ ጭቃ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ላቀው የሚባሉ የሰፈሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ በዚህ በኩል ነው የምታሳልፉት?»

«አዎ ጋሼ። ንድፉ እንደዚያ ይላል።»

«ንድፉ እዚህ ቆፍሮ ያውቃል?»

ወጣቱ ሳቀ።

«እኔ ሦስት ጊዜ ቆፍሬያለሁ። ከሥሩ ምንጭ አለ። ይኼ ቄጤማ በሚያዝያ እንኳ አይደርቅም። አርባ እርምጃ ወደ ላይ አዙሩት።»

ወጣቱ አስቆፈረ። ውሃው ገንፍሎ ወጣ። መሥመሩ ዞረ፤ ባቡሩም ዳነ።

ለአለቆቹ ግን ምን ብሎ ጻፈ? «ባደረግሁት የአፈር ጥናት መሥመሩን አዞርኩ» ብሎ ጻፈ። አመሰገኑት፤ ሾሙት።

ጋሽ ላቀውስ? «ባቡሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ» ሲሉ ማን ይመናቸው? የዕድሩ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይስቅባቸው ነበር።

«ጋሽ ላቀው፣ ዛሬስ ወዴት ሊያዞሩልን ነው?» ይላል አንዱ።

«እስቲ በእኔ ደጅ ያሳልፉልኝ! ታክሲ መጠበቅ ሰልችቶኛል» ይላል ሌላው።

ሚስታቸው አስካለ አፈሩ። «አንተ ሰው፣ ይህን ወሬ ተው» አሏቸው። ተዉት።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ያ ቀያሽ የመሥመሩን ታሪክ እንዲጽፍ ታዘዘ። የድሮ ንድፎችን አገላበጠ፤ ጣቢያውን፣ ድልድዩን አንድ በአንድ መረመረ፤ መሐንዲሶቹን ጠየቀ። መሥመሩ የዞረበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ምክንያቱን የሚናገር አንድ ወረቀት ብቻ አገኘ። የራሱን ወረቀት።

የሌሎችን ስህተት ሲያርም የከረመ ሰው፣ ያን ወረቀት ሦስት ሳምንት አልነካውም።

በመጨረሻ የጋሽ ላቀው ዕድር በተሰበሰበበት ቀን ሄደ። በሰው ሁሉ ፊት ቆመ።

«ባቡሩን ያዞሩት ጋሽ ላቀው ናቸው። ጥናት አላደረግሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የሚስቅ ጠፋ። ጋሽ ላቀው አዩት።

«መጣህ ልጄ? ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያም፣ «ለአስካለ ብትነግራት ደግ ነበር። አምና ቀበርናት። እሷም አላመነችኝም ነበር» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህ ቀያሽ ሌባ ነው? የማንም ኪስ ውስጥ እጁን አላስገባም። ግን የሰውን እውነት ወሰደ፤ ባለ እውነቱም ውሸታም ተባለ፤ በገዛ ቤቱ።

እናንተስ? በማን ምክር ነው ሥራችሁ የተቃናው? በማን ድካም ነው የተመሰገናችሁ? ስሙን ለምን ዋጣችሁት? አውቃለሁ፤ ልትናገሩ አስባችኋል። ሲመች፣ ሲሞላ፣ ለበዓል። እኔም እንዲህ እያልኩ ያሳለፍኳቸው ሰዎች አሉ። ዛሬ የሉም።

ባቡር ስትሳፈሩ መታጠፊያው ላይ ሰውነታችሁ ዘንበል ይላል። ያን ጊዜ አንድ ሰው አስቡ። ከባቡሩ ስትወርዱ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ወደ እርሱ ሂዱ።

ቀያሹ የጻፈው የመሥመሩ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በመታጠፊያው ገጽ ላይ፣ «መሥመሩ እዚህ የዞረው በጉድጓድ ቆፋሪው በአቶ ላቀው ይርዳው ቃል ነው» ይላል። ጋሽ ላቀው ማንበብ አይችሉም። ቀያሹን ከነመጽሐፉ ይዘውት ወደ አስካለ መቃብር ሄዱ።

«ጮክ ብለህ አንብብ» አሉት።

አነበበ።