አዲስ ወይስ ያገለገለ

ፊታውራሪ ይገዙ ጠመንጃቸውን ለአማቻቸው ሊልኩ ፖስታ ቤት ገቡ። የጥቅል ክፍሏ ጸሐፊ የመሣሪያ ፈቃዳቸውን ተቀብላ አየችና፣ "ጥይት እንደሌለው ሳላይ አላሽግም፤ ደንብ ነው" አለቻቸው።

ፊታውራሪ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ፦ "ዘራፍ! ዘጠኝ አንበሳ የጣልኩበትን ጠመንጃ አንቺ ልትፈትሺ? ይልቅ ቅጹ ላይ 'አንበሳ ገዳይ' ብለሽ ጻፊ! እምቢ ካልሽ ነገ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጪም!"

ጸሐፊዋ የጠመንጃውን መዝጊያ ስባ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ውስጡን አየች።

"ጌታዬ፣ ቅጹ የሚጠይቀው አዲስ ወይስ ያገለገለ ብቻ ነው። የፋብሪካው ቅባት ውስጡ እንደረጋ ስላለ 'አዲስ' ብያለሁ። ዘጠኙን አንበሳ የፈጀው ፉከራዎ መሆን አለበት፤ የእሱን ፈቃድ ግን አላሳዩኝም።"