የእትዬ አስካለች ጉልበትና አሮጌው ታክሲ

አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ እትዬ አስካለች ይሏታል። እኔ ልሙት፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። የቀኝ ጉልበቷ ሃያ ዓመት የታመመ ነው። ስትራመድ ከመንቋቋቱ የተነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሌባ መጣ ብሎ ይጮኻል። እሷ ግን በዚያው ጉልበት፣ ኩንታል በርበሬ ተሸክማ፣ ደመና የሚነካውን የገበያ ዳገት በየማለዳው ትወጣው ነበር።

አንድ ቀን አንድ አሮጌ ታክሲ ፍሬን እምቢ ብሎት መጣና ያንኑ ጉልበቷን ገጨው። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ቀርቶ የቤቷን ደፍ መሻገር አቃታት። ሐኪሙም «ቀዶ ጥገና ካልተደረገልዎ አይራመዱም» አላት። የማሳከሚያውን መክፈል ያለበት የታክሲው ኢንሹራንስ ነው። በጎረቤቶቿ ትከሻ ተደግፋ ቢሮው ደረሰች።

ጉዳት ገማቹ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «እማማ፣ ይሄ ጉልበት እኮ ድሮም የታመመ ነው፤ ለሐኪሙ ራስዎ ተናግረዋል። ለድሮ በሽታ አንከፍልም።»

«እውነት ነው ልጄ፣ ሃያ ዓመት አሞኛል። ለመሆኑ ታክሲውን ምን አደረጋችሁት?»

«አዲስ መብራት ገጠምንለት፣ የተጨረመተውን አቃናን።»

«ከመጋጨቱ በፊት ጤነኛ ነበር?»

ለራሱ ጉዳይ መጥቶ ጥግ ላይ የቆመው የታክሲው ሹፌር ሳቁ አመለጠው። «ኧረ እማማ! በሩ በገመድ የታሰረ፣ ካልተገፋ የማይነሳ!»

«ታዲያ እሱን ‹ድሮም አሮጌ ነህ› ብላችሁ መለሳችሁት?»

«እሱ ሌላ ነው። የከፈልነው ግጭቱ ላበላሸው ብቻ ነው» አለ ገማቹ።

«እኔስ ምን አልኩህ? የሃያ ዓመቱ ሕመም የራሴ ነው፣ ለእኔው ተውልኝ! ልጆቼን ያሳደግኩት ከነሕመሜ ዳገት እየወጣሁ ነው። ዳገቱን የቀማኝ ግን ታክሲያችሁ ነው። ዳገቴን መልስልኝ!»

«በቃ አይሆንም እማማ። ቀጣይ ባለጉዳይ!»

«እንግዲያው ዳገቴን እስክትመልሱልኝ ድረስ ገበያዬ እዚሁ ነው።»

በማግስቱ የገበያ ሴቶች እሷን ደግፈው፣ ኩንታሏን ተሸክመው መጡ። እትዬ አስካለች ቢሮው መግቢያ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና የተፈጨ በርበሬዋን በጣሳ ትሰፍር ጀመር። ማስነጠሱ ከምድር ቤት ተነስቶ አሥረኛ ፎቅ ደረሰ። አንዱ ሒሳብ ሹም ሲያስነጥስ መነጽሩ በመስኮት በርሮ ሌላ ክፍለ ከተማ ወደቀ። ሊያስወጣት የመጣው ዘበኛ ግማሽ ኪሎ ገዝቶ ተመለሰ። ቀትር ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ እንባው እየወረደ መጣና «እናቴ፣ ይቅርታ። ይታከሙ፣ እንከፍላለን» አላት።

ዛሬ ዳገቱን ትወጣለች። አሁንም ያማታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሰው ከነሕመሙም ይሠራል፣ ከነሕመሙም ይኖራል። ያቺን የቀረችውን አቅሙን ነጥቆ «ድሮም ታማሚ ነበርክ» ማለት ሁለተኛ መግጨት ነው። እናንተስ፣ የደከመ ሰው ጎድታችሁ «ድሮም ደካማ ነበር» ብላችሁ አታውቁም?

ግን አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ሥራ አስኪያጁ ከፈለ እንጂ ይቅርታስ አላለም።