ማንም ሳይሽረው ያለቀ ሕግ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንበሳ ሥር በሕግ በሚተዳደሩበት አገር፣ ለሰፈሩ ውኃ የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች። እመት አህዪት ይሏታል። አገሩ ተራራ ላይ፣ ወንዙ ገደል ሥር ነው። ያረጁና አራስ የሆኑ እንስሳት ወርደው መጠጣት አይችሉም፤ ስለዚህ እሷ በየቀኑ እንስራ ተጭና ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ዋጋ አትጠይቅም።

በዚያ አገር ሁሉም ካመረተው ገብስ ለአንበሳ ጎተራ ግብር ያገባል። እመት አህዪት ግን መንገድ ላይ የበላችው ገብስ ከግብሯ ይቀነስላታል፤ ለአገር ስትደክም የበላችው ነዋ። ይህ ቅናሽ ታዲያ ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሳያልቅ ሸንጎው ተቀምጦ «ይቀጥል» ማለት አለበት። አንዲት ቃል ናት። ለዚህች አንዲት ቃል ሦስት ሹማምንት ተሹመዋል፤ አፈ ጉባኤው አያ ጅቦ፣ ጸሐፊው ቀበሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ያሉትን ሁሉ እሺ የሚለው ዝንጀሮ።

ያን ዓመት፣ በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ ሸንጎው ለዚሁ ተቀምጦ ሳለ አንድ ጎሽ ገደል ገብቶ ሞተ። አያ ጅቦ ሽታው ሲደርሰው «ጉዳዩ ለሌላ ቀጠሮ ይተላለፍ» አለና ከወንበሩ ተነሥቶ ሮጠ። ቀበሮ ተከተለው። ዝንጀሮ ሥጋ አይበላም፤ እሱም ግን ተከተለ፤ ልማዱ ነው።

መስከረም ሲጠባ እመት አህዪት ግብሯን ይዛ ጎተራው ደጃፍ ቀረበች።

«ሙሉውን አምጪ» አላት ቀበሮ ቁናውን እየዘረጋ።

«የመንገዱስ ቅናሽ?»

«እሱ የለም።»

«ማን ሻረው?»

«ማንም አልሻረውም፣ እመት አህዪት። ቀኑ ደርሶ ራሱ አለቀ።»

«የበላሁትን ከየት አመጣዋለሁ? ይህች የቀረችኝ እኮ እስከ አዝመራ የምታደርሰኝ ናት። እሷን ከሰጠሁ በምን ጉልበቴ ዳገቱን እወጣለሁ?»

«ሸንጎው ሲቀመጥ ታመለክቻለሽ።»

«መቼ ነው የሚቀመጠው?»

«አያ ጅቦ ሲመቸው።»

ሰፍሮ ሲጨርስ ከረጢቷ ውስጥ አንድ እፍኝ ገብስ ቀረ።

የተጎዳችው እሷ ብቻ አይደለችም። የበሬም የእርሻ ቅናሹ፣ የዶሮም የጫጩት ቅናሿ እንዲሁ አልቆ ነበር። ከግራሩ ጥላ ሥር ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። ማጉረምረም ደግሞ ግብር የለውም፤ እስኪበቃቸው አጉረመረሙ።

«እንሂድና እንጠይቃቸው» አለች እመት አህዪት።

ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር። ጦጣ ከቅርንጫፏ ላይ ሆና፣ «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት።

«ሰምቻለሁ። አንቺ አህያ የለሽም። እኔ ግን ራሴ አህያ ነኝ። የት ልግባ?»

ጦጣ አፈረች። ራሷን ስታክክ ቆየችና ወረደች። «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ቋጠሮ ታውቂያለሽ። እጅሽን አውሺኝ።»

በዚያ አገር «በሕግ አምላክ» የተባለ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ በሐረግ ይታሰሩና ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቁራኛ ሆነው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛውን የነከሰ በአንበሳ ይበላል። እመት አህዪት ጦጣን አስከትላ አያ ጅቦ ደጅ ሄደችና «በሕግ አምላክ፣ አያ ጅቦ፣ ቁራኛዬ ነህ» አለችው።

አያ ጅቦ ደስታውን መደበቅ አቃተው። አህያ በገዛ እግሯ መጥታ ልትታሰርለት ነዋ። «እሺ እሺ፣ ጠበቅ አድርጊው» አላት ጦጣን። ጦጣም ጠበቅ አደረገችው።

ይህን ጊዜ እዚያው ደጅ የነበረው ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አያ ጅቦ፣ ቁራኛ እኮ አይበላም።»

«እስከ መቼ?»

«ፍርድ እስኪሰጥ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ሸንጎ እንቀመጥ።»

«ተው እንጂ። ከተቀመጥን ገብሱ ሊመለስ ነው፤ ከሱ ላይ ደግሞ የእኛ ድርሻ አለበት። ቻል አድርገው፤ እሷ ትደክማለች።»

«የጎሹ ታፋዬስ? ያስቀመጥኩት አህያ በማትገባበት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነው።»

«እኔ እጠብቅልሃለሁ» አለ ቀበሮ።

እመት አህዪት አልደከመችም። ወንዝ ስትወርድ ጅቡ ይወርዳል፤ እንስራ ተጭና ስትወጣ እየተጎተተ ይወጣል። ሚዳቋ አይቶ አድብቶ ሲጠጋ እሷ ታናፋለች፤ ሚዳቋዋም እግሬ አውጪኝ ትላለች።

«ምናለ ዝም ብትዪ?» ይላታል።

«ዝም ብዬማ ነው እዚህ የደረስኩት» ትለዋለች።

እንስሳቱ ይህን አዩ። መጀመሪያ በሬ አንድ እፍኝ ገብስ ይዞላት መጣ፤ ቀጥሎ ዶሮ ጥቂት ፍሬ አመጣች። በሦስተኛው ቀን ከእመት አህዪት ኋላ ዳገቱን የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። አያ ጅቦ ግን ጉልበቱ ከዳውና ዳገቱ መሐል ተዘረረ። «ሸንጎ ጥሩ» አለ በደከመ ድምፅ። «ዛሬውኑ።»

ሦስቱ ሹማምንት ተቀመጡ። «ቅናሹ ለሁሉም ይቀጥል፣ የተወሰደውም ገብስ ይመለስ። በቃ፣ ፍቱኝ» አለ አያ ጅቦ።

ጦጣ ቋጠሮው ላይ እጇን ስትጥል እመት አህዪት፣ «ቆይ፣ አትፍቺ» አለቻት። «ይህ የዘንድሮው ነው። ከርሞ ሌላ ጎሽ ገደል ቢገባስ? ለቅናሹ ቀን አይቆረጥለት። መሻር የፈለገ ሹም ፊታችን ቆሞ፣ እጁን አንሥቶ ይሻረው። ማን እንደሻረው እንወቅ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ እንኳ ሰፊ ጥናት የሚጠይቅ...»

«ጻፍ!» ብሎ ጮኸበት አያ ጅቦ። ቀበሮ ጻፈ። ዝንጀሮም እሺ አለ።

ሐረጉ ሲፈታ እመት አህዪትን ሕዝቡ ከቧት ነበርና፣ አያ ጅቦ የቀረችውን ጉልበት አሰባስቦ በቀጥታ ወደ ዋሻው ሮጠ። ከታፋው የቀረው ነጭ አጥንት ብቻ ነው። ቀበሮ ዋሻው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አፈጠጠበት፦ «ሥጋዬን ማን በላው?»

ቀበሮ ከንፈሩን ላሰና፣ «ማንም አልበላውም፣ አያ ጅቦ። ቀኑ ደርሶ ራሱ አለቀ» አለው።

አያ ጅቦ የዚህ ቃል ምሥጢር አልገባውም። እመት አህዪት ግን ወደ ወንዝ ስትወርድ ሰማችውና ጎተራው ደጃፍ የተነገራት ቃል መሆኑን አወቀች። የተመለሰላትን ገብስ ይዛለች፤ ብዙ የተጠሙ ይጠብቋታልና አልቆመችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሹማምንት በቸልታ ያስቀሩብንን መብት የምናስመልሰው ጥላ ሥር ተቀምጠን በማጉረምረም ሳይሆን፣ እስኪመልሱልን ድረስ ይዘን ባለመልቀቅ መሆኑን ነው።