ከባዶ እንስራ ጋር የሄደው ንብ አርቢ

አንድ ንብ አርቢ ነበረ። ታሪኩን ከሰማሁት ብዙ ዘመን ስለሆነ አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ልናገር እችላለሁ፤ የተጎዳው ቀኝ እግሩ ይሁን ግራው አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዋናው ነገር ግን እንደምነግርሽ ነው።

ትርንጎ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ሐኪሙ ለስኳርሽ ብሎ በየማለዳው በእግርሽ እንድትሄጂ አዞሻል። ጀመርሽ፤ የእኅትሽ ሠርግ ሲመጣ አቋረጥሽ። አሁን ደግሞ «አንዴ ከተበላሸ ወዲያ ዘመን መለወጫን ጠብቄ በአዲስ መንፈስ ብጀምር አይሻልም ወይ?» ትያለሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ሰውየው ቀፎ የሚሰቅለው በረጃጅም ዛፎች ላይ ነበር። ከሁሉ የሚሳሳለት ከአባቱ የወረሰው፣ ከገደሉ አፋፍ የቆመ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነው። በዚያ አገር ልማድ ዛፍ የሚጸናው ቀፎ ለሚሰቅልበት ሰው ነው። አንድ ዓመት አበባው ባዶውን ካለፈው፣ በተከታዩ ዓመትም ሲፈነዳ ባዶውን ካገኘው ሌላ ሰው ቢሰቅልበት ከልካይ የለውም። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ሳለ ቅርንጫፍ ከዳውና ወደቀ። ጉልበቱ ተሰበረ። የዚያ ዓመት አበባ እርሱ መደብ ላይ ተጋድሞ፣ ዋንዛውም ባዶውን ሆኖ አለፈ።

አጥንቱን የጠገነችው አንዲት ሸምገል ያለች ወጌሻ ነበረች። ማሰሪያውን የፈታች ዕለት እንዲህ አለችው፦

«አጥንቱ ገጥሟል። የቀረው ያንተ ሥራ ነው። በየማለዳው ዳገቱን ውጣ። ያምሃል፤ ቢያምህም ውጣ። ጉልበት ካልታጠፈ እንደ ደረቀ ቁርበት ቀጥ ብሎ ይቀራል።»

«እስከ መቼ ነው የምወጣው?» አላት።

«ዛፍ መውጣት እስካማረህ ድረስ» አለችና ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከሙያው የመጣ ነው። በዚያ አገር ንብ አርቢዎች አዲስ ቀፎ የሚሰቅሉት ቀን መርጠው ነው። ቀፎውን በወይራ ያጥኑታል፤ ሽማግሌ ይመርቅላቸዋል። በመንገድ ላይ ባዶ እንስራ የያዘች ሴት ካጋጠመቻቸው ገዱ ተበላሸ ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ንብ ያልገባበትን ቀፎ ደግሞ ያወርዱና እንደገና አጥነው ሌላ መልካም ቀን ይጠብቁለታል። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራ የኖረው እንዲህ ስለሆነ ለጉልበቱም ይህንኑ ሥርዓት አወጣለት።

በሚካኤል ቀን ተመርቆ ጀመረ። ለጥቂት ማለዳ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ ጉልበቱም መላላት ጀመረ። ከዚያ ጎረቤት ሞተና ለቅሶ ተቀመጠ። ከለቅሶ ሲመለስ «ተቋርጧል፤ የሚመጣውን ሚካኤል ልጠብቅ» አለ። ሚካኤል ደረሰ፤ ተመረቀና ጀመረ። አሁን ደግሞ ገና ከበሩ ሲወጣ ባዶ እንስራ አጋጠመውና ተመለሰ። በሌላው ወር ዝናብ ያዘው። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። በጀመረ ቁጥር ጉልበቱ ካለፈው ጊዜ ብሶ ይጠብቀዋል።

አንድ ሌላ ጎረቤት ነበረው። ያን ዋንዛ ከተመኘ ቆይቷል።

«ወዳጄ፣ ጉልበትህ ዛሬም ተመረቀ?» ይለዋል በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ።

«ተመረቀ።»

«እሰይ። እንዲህ አብዝቶ የተመረቀ ጉልበት ባገራችን አልታየም። እኔም በበኩሌ ቀፎዬን እያበጀሁ ነው።»

ነሐሴ ላይ ንዳድ ያዘውና ተኛ። በተነሣ ጊዜ ለሚስቱ «እንግዲህ ቅዱስ ዮሐንስ ሲገባ እጀምራለሁ» አላት።

ሚስቱ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «ለቅዱስ ዮሐንስ አበባው ይፈነዳል። ያን ጊዜ ጉልበትህን ልታስመርቅ ነው ወይስ ዛፍ ልትወጣ?»

«ተቋርጧል እኮ። እንዴት ብዬ ከመካከል እገባለሁ?»

«እግርህ ከመቼ ወዲህ ነው ቀፎ የሆነው?» አለችው። «ቀፎ ወርዶ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ ያው እንዳስቀመጥከው ታገኘዋለህ። ጉልበትህ ግን ተቀምጦ አይጠብቅህም። አንተ ቀን ስትመርጥ እርሱ ይደርቃል።»

 ቀኑን ሙሉ ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም። ጉልበቱን በእጁ እየዳሰሰ አጠፈው፤ ከወር በፊት ይታጠፍ የነበረውን ያህል እንኳ አልታጠፈም። ያን ጊዜ ፈራ። ዋንዛውን ያጣ መሰለው።

በማግሥቱ ካፊያ ነበር። የማንም ታቦት ቀን አይደለም፤ የመረቀውም ሰው የለም። ምርኩዙን ይዞ ከበሩ ወጣ። ገና ከመውጣቱ የጎረቤቱ ምራት ባዶ እንስራ ይዛ ወደ ምንጭ ስትሄድ ፊት ለፊት ገጠመችው። ልማዱን ስለምታውቅ ደነገጠችና እንስራውን ከኋላዋ ልትደብቀው ሞከረች።

«ውይ፣ አላየሁዎትም አያ። ልመለስልዎ?»

ሰውየው ቆመ። ቤቱ ሙቅ ነው፤ ጉልበቱ ይጠዘጥዛል፤ የመመለሻውም ምክንያት ራሱ በእግሩ መጥቶለታል። ቢመለስ ማንም አይነቅፈውም። እርሱ ግን ወደ ዳገቱ ተመለከተና፦

«ወደ ምንጩ ነሽ?» አላት።

«አዎ።»

«እንግዲያው መንገዳችን አንድ ነው፤ እስከ ሾላው አብረን እንሂድ። ጭቃ ነው፣ ቀስ በይ።»

ልጅቱ ግራ እየገባት ሄደች። ባዶው እንስራ ከጎኑ፣ እርሱም ከባዶው እንስራ ጎን፣ እያነከሰ። ያን ዕለት ከሾላው አላለፈም። በማግሥቱ ትንሽ ጨመረ። ከዚያ የዘመድ ቀብር ነበረና አንድ ቀን ቀረ፤ ከቀብሩ ማግሥት ወጣ። ዝናቡ ሲያይል ቀረ፤ ሲያባራ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ልጀምር ነው» ሲል የሰማው የለም።

መስከረም ላይ አበባው ሲፈነዳ ጎረቤቱ አዲሱን ቀፎ ተሸክሞ ከዋንዛው ሥር ደረሰ። ሰውየው ቀድሞት ቀፎውን ከሥር አስቀምጦ፣ ገመድ ታጥቆ ከግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም፤ ፊቱ በላብ ርሷል። አባቱ ይሰቅልበት ወደነበረው ጫፍ አልደረሰም። ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ። ጎረቤቱ አንጋጥጦ ተመለከተው። ከዚያም የራሱን ቀፎ መሬት አስቀመጠና «ገመዱን ወርውርልኝ፤ ቀፎህን ላቀብልህ» አለው።

ዛፉ የእርሱ ሆኖ ቀረ። ንብ ገባለት አልገባለት ግን የነገረኝ የለም።

አየሽ ትርንጎ፣ አንቺም እንደዚህ ሰው ሰውነትሽን እንደ ቀፎ አውርደሽ ልታስቀምጪው ነው። ዘመን መለወጫ እስኪደርስ ስኳሩ በዓል አክብሮ አይቀመጥም፤ ሥራውን ይሠራል። ለሠርጉ ብለሽ የማለዳ ጉዞሽን ማቋረጥሽ ጥፋት አይደለም፤ የእኅት ሠርግ ነው። ጥፋት የሚሆነው ከሠርጉ ማግሥትም መቅረትሽ ነው። አሁንም ነገ ማለዳ፣ ደስ ባይልሽም፣ ብዙ ባትሄጂም፣ ነጠላሽን ልበሺና ውጪ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ ሄደሽ ብትመለሺ ሄደሻል። ሌላ ቀን ደግሞ ትቀሪያለሽ፤ ሰው ነሽ። ያን ጊዜም የመጀመሪያ ቀን አትፈልጊ፤ ከመካከሉ ግቢ።

ስለዚያ ሰው የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በኅዳር፣ ሚካኤል በዋለ ማግሥት ነው። ከዚያ አገር የመጣ አንድ ማር ነጋዴ ነገረኝ። ሰውየው ለበዓሉ ዘመድ ቤት ተጠርቶ ሰንብቶ ዳገቱን አልወጣም ነበር። ያን ዕለት ማለዳ ግን ነጋዴው አህዮቹን እየነዳ ቁልቁል ሲወርድ፣ እርሱ እያነከሰ ሽቅብ ሲወጣ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልደረሰኝም።