አማቱን ያወረደው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። መኪናውን የሚወደው ከሚስቱ ቀጥሎ ነው እንበልለት፤ በቤተ ክርስቲያን ሰው አይታማም። ሞተሯ ከፊት ያገሳል፣ ጉልበቷ ግን የሚወርደው ወደ ኋላ ጎማዎቿ ነው። አስፋልት ላይ ማን ይደርስባታል? ማንም!

አንድ የክረምት ጠዋት ሚስቱን ምጥ ያዛት። ከፊት አስቀመጣት። አማቱ እትዬ ስንዱ፣ ደልደል ያሉ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ከኋላ ገቡ። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ጭቃ ብቻ። መሀል ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ቀጥ አለች።

ሰውየው ምን አሰበ? "ከብዷት ነው" አለ።

"እትዬ፣ ይውረዱልኝ እባክዎ። ትንሽ ይቅለላት።"

"አሃ፣ ሸክሙ እኔ ነኝ?" አሉ። ግን ወረዱ።

ነዳጅ ረገጠ። ጎማው በባዶው ዞረ። አብልጦ ረገጠ። ጭቃው የእትዬን ነጠላ አዥጎረጎረው እንጂ መኪናዋ ስንዝር አልሄደችም። ሚስቱ "መጣ! ልጁ መጣ!" ትላለች። ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ?

እትዬ ስንዱ መስኮቱን ደበደቡት።

"ስማኝ አንተ ጎበዝ! ሃያ ዓመት በዚህ ዳገት ሽንኩርት ጭኜ ተመላልሻለሁ። የተጫነው መኪና ይወጣል፣ ባዶው ነው የሚንሸራተተው። የሚገፋህ የኋላው ጎማ ነው። የሚጫነውን አውርደህ በምኑ መሬት ይያዝ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እኔን መልሰኛ! እግርህንም ቀለል አድርግ፤ እልህ ጭቃ አያደርቅም።"

ገቡ። በዚያ የምታልፍ ጎረቤታቸውንም ጎትተው አጠገባቸው ወሸቋት። ሰውየው በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን በስሱ ነካ። ጎማው መሬቱን ነከሰ። ወጣች!

ሴት ልጅ ተወለደች። ሰውየው ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ እየሳቀ አለቀሰ። እትዬ ስንዱ ሕፃኗን አቀፉና አዩት።

"ትከብዳለች፤ ተመስገን!" አሉ።

እናንተስ ማንን አወረዳችሁ? የምትመክራችሁን እናት? የምታስታምሙትን ወንድም? "እነሱ ባይኖሩ የት በደረስኩ" ብላችሁ አይደል? ይኸው ወረዱ፤ የት ደረሳችሁ?

ጉልበትማ ሞልቷችኋል። ጌታ አልነፈጋችሁም። የጎደላችሁ መሬት የሚያስይዝ ክብደት ነው።

እንግዲህ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። በሩን ክፈቱ። ነጠላቸው ጭቃ ቢሆንም ለወንበሩ አትሳሱ፤ "እትዬ፣ ይግቡ" በሏቸው።