ቦዩን የቆፈረው ጠባቂ

አንድ ሰው ነበረ፤ ነጭ ሽንኩርት ተክሎ፣ ከወንዝ በጠለፈው ቦይ የሚያጠጣ ገበሬ። «የገዛ ሰውነቴ ጠባቂ ለምን ደም ሥሬን ይመታል?» አልሽኝ አይደል፣ ይታይሽ? ስሚኝ ታዲያ፤ እግርሽን ግን አታክኪው።

ገበሬው ለቦዩ ታማኝ ጠባቂ ነበረው። አንድ ቀን ፍልፈል መጣና የቦዩን ጠርዝ ሰረሰረ። ጠባቂው በዶማ ቆፍሮ አወጣው፤ ገደለው። ገበሬውም መረቀው፤ ማን የማይመርቅ አለ?

ጠባቂው ግን በዚያው አላበቃም። ጠርዙ ላይ አበጥ ያለ አፈር ባየ ቁጥር «ሌላ መጣ!» እያለ ይቆፍራል። ቦዩ ተሸነቆረ። ውሃው በየቀዳዳው እየሾለከ ከታች በኩል ያለውን መደብ እዚህም እዚያም አጨቀየው፤ እርሻው ዥንጉርጉር ሆነ። የቀረው ሽንኩርት ደግሞ በጥም ጠወለገ።

ገበሬው መጥቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ያ ማሳ የልጆቹ የዓመት ጉርስ ነው። ሚስቱም አላስቻላትም፤ ጠባቂውን ተናገረችው።

«አያ፣ ፍልፈሉ እኮ አንድ ቀዳዳ ነው የከፈተው፤ አንተ ሰባት!»

«እሜቴ፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልያቸው?»

«እነማንን?»

ጠባቂው ዞር ዞር ብሎ አየ። አንድም ፍልፈል የለም።

ጎረቤት ሁሉ «አባረው!» አለ። ገበሬው አሰበ። ቢያባርረው፣ ነገ የእውነቱ ፍልፈል ሲመጣ ማን ይይዝለታል? ዝም ቢለው ደግሞ ቦይ የሚባል አይተርፍም። ቀረብ አለና ዶማውን ከእጁ ተቀበለው።

«ተቀመጥ ወንድሜ። አፈሩ እስኪጠና ዓይንህ ይጠብቅ፤ እጅህ ይረፍ።»

ጠባቂው አኩርፎ ተቀመጠ። ባልና ሚስት ቀዳዳውን በጭቃ መረጉት፤ ውሃውም መንገዱን ያዘ።

አየሽ ይታይሽ፣ ቦዩ ደም ሥርሽ ነው፤ ጠባቂውም በሽታ የሚከላከልልሽ የገዛ ሰውነትሽ ኃይል። ፍልፈሉ ያ ሰሞኑን ያስተኛሽ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እሱ ከሄደ ሰነበተ። ቅልጥምሽ ላይ የወጣው ቀይ ነጠብጣብም ከተሸነቆረው ደም ሥር የሾለከ ደም ነው። ጠባቂሽ አልከዳሽም፤ ማቆም አቃተው እንጂ። ሐኪሙ ያዘዘልሽ ክኒን ዶማውን ይቀበለዋል፣ እሱን አያባርርብሽም። ዶማው መቼ እንደሚመለስለትም ሐኪሙ ነው የሚያውቀው፤ ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ።

በይ አሁን ዋጪ፤ ውሃው ይኸውልሽ።