የተኪላ ቀማሹ ታናሽ ወንድም

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ። ብዋሽ የቆምኩበት ዐውደ ምሕረት ይፍረድብኝ። ከጣና ዳር እስከ ባሮ ዳር ያልሰበክሁበት ደብር የለም፤ ይህን ስናገር አንዱ ጋ ዘበኛው ሳይቀር ዱላውን ጥሎ ተንሰቅስቋል፣ ሌላው ጋ ከለቅሶው ብዛት የተነሣ ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል። ምሳሌ ልንገራችሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ምሳሌ ግን ሰው ይፈጥረዋል። ይህ የሆነ ነው። እዚሁ ከተማችሁ ውስጥ የሆነ ነው።

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልጠራም። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ እሱ ሱቅ ውስጥ የሌለ ዕቃ ገና አልተፈበረከም ይባልለታል። ሥራ ወዳድ፣ ቤቱ ለሰው ክፍት፣ እጁ የማይሰስት። አንድ ክረምት ሚስቱ ነዘነዘችው። ሰው ሁሉ ዕረፍት ይወጣል፣ እኛ ብቻ የጎማ ሽታ ስንምግ ልናረጅ ነው ወይ አለችው። ሱቁን ቆለፈና ሐዋሳ ይዟት ሄደ።

ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ዐረፉ። ሆቴል ስላችሁ ይህ የምታውቁት ሆቴል እንዳይመስላችሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ስንቅ ያስይዛል። አልጋው ላይ ባልና ሚስት የሚገናኙት ተጠራርተው ነው። ጉማሬው ሲመሽ ከሐይቁ ብቅ ይልና እንግዳ ተቀባዮቹን ሰላም ብሎ ይመለሳል።

ሚስትየዋ በጀልባ ወፍ ልታይ ስትሄድ ሰውዬው ብቻውን ቀረ። ሥራ የለመደ ሰው ዕረፍት ይከብደዋል። ወዲያ ወዲህ ሲል መጠጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበበ፦ ለእንግዶቻችን የተኪላ አቀማመስና የኮክቴል አሠራር ትምህርት ከሰዓት በኋላ ይሰጣል። መጠጥ ደግሞ ምን ትምህርት አለው፣ አፍ ይከፈታል ይጨመራል እንጂ፣ ብሎ ሳቀ። እየሳቀም ገባ።

አስተማሪው ላላሞ የሚባል የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በትልልቅ መርከቦች ላይ መጠጥ ሲቀዳ ኖሮ የተመለሰ። ተኪላ ማለት፣ አለው፣ ከሜክሲኮ የሚመጣ መጠጥ ነው፤ የሚወጣውም የኛ ቃጫ ዘመድ ከሆነ እሾኻም ተክል ነው። ቅጠሉ ይመለመልና ልቡ ይበስላል፣ ልቡ ይጨመቃል። ልብ ነው የሚጨመቀው፣ ትሰሙኛላችሁ? ነጩ አለ። በርሜል ውስጥ ጥቂት ያረፈው አለ። ቆይቶ ቆይቶ እንደ ማር የቀላው አለ።

ሰውዬው እንደ አረቄ በአንድ ትንፋሽ ሊወረውረው ሲል ላላሞ እጁን ያዘው። መጀመሪያ አፍን ገርበብ አድርጎ ማሽተት ነው። ከዚያ ጥቂት መጎንጨት፣ ምላስ ላይ ማንከባለል፣ ትንፋሽን በአፍንጫ ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሰውዬው ሦስቱንም ብርጭቆ አሸተተና ነጩን ገፋው፤ ይኼ እሳት ነው፣ ይቃጠላል፣ ብሎ ፈረደ። ቅመሰው ሲባል ለስላሳ ሆኖ አገኘው። ለስላሳ መስሎት የነበረው ቀዩ ነው ጉሮሮውን የላጠው። ላላሞ አልሳቀበትም።

"ጋሼ፣ አፍንጫ ለፍርድ ይቸኩላል" አለው። "ሳይቀምሱ አይፍረዱ።"

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ኋላ እፈልጋታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ወፍ አላየ፣ ሐይቅ አላየ። የሎሚ ጭማቂ፣ የብርቱካን አልኮል፣ በረዶ፣ ሼከር የሚሉት ክዳን ያለው ብረት ውስጥ አስገብቶ መናጥ። የብርጭቆውን ከንፈር በሎሚ አርሶ ጨው ላይ መድፋት። ማርጋሪታ ይሉታል። ሳምንቱ ሲያልቅ፣ በእምነቴ፣ ዓይኑን በጨርቅ አስረውት ተክሉ የበቀለበትን ኮረብታ ይናገር ነበር። ላላሞ ራሱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ሰውዬው ሼከሩን ገዛ፣ ጠርሙሶቹን በካልሲ ጠቀለለ፣ አገሩ ገባ። አገሩ የገባው ግን የመለዋወጫ ነጋዴ አልነበረም። ሊቅ ነው የገባው።

አሁን ወደ መራራው ልመልሳችሁ።

ይህ ሰው ታናሽ ወንድም ነበረው። የሚኒባስ ሾፌር ነበር፣ መጠጥ የጣለው። ሚስቱ ብዙ ከታገሠች በኋላ ልጇን ይዛ አባቷ ቤት ገባች። እሱ ደግሞ ጸበል ገባ። እዚያ በመልአኩ ስም ማለ፤ ሁለተኛ መጠጥ በአፌ አይዞርም አለ። ማለ፣ ጸናም። ሰው የማያምነው ግን ነገር አለ፤ የሰካራም መሐላ። አማቱ አላመኑትም። በየእሑዱ ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ አማቱ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሰላምታ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ "እፍ በል" ይሉታል። እፍ ይልላቸዋል። ፊታቸውን አስጠግተው ያሸትታሉ። ልጁ ከአያቷ ኋላ ቆማ ታያለች። ከዚያ ነው የሚገባው። ፀሐይ ሆነ ዝናብ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ገባ። አንዲት እሑድ አልቀረም። አንዲት እሑድ አልተመለሰም።

እናንተ ትችሉታላችሁ? በልጃችሁ ፊት በየሳምንቱ እፍ ማለትን ትችሉታላችሁ?

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ ይበቃል፣ ይህ ሰው ተፈትኗል አሉ። የዕርቁ ቀን ተቆረጠ። ምሳው ታላቁ ወንድም ቤት እንዲሆን ተስማሙ፤ ምሳው ሲያበቃ ታናሹ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቤቱ ሊገባ። ልጅቱ የልብስ ሻንጣዋን ይዛ ነው የመጣችው። በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ምሳው እስኪያልቅ ወደ ሻንጣዋ ነው የምታየው።

ድግሱን ምን ልበላችሁ። ሦስት መቶ ሰው ነው የተቀመጠው። በሬ ወድቋል፣ ሁለት በሬ ወድቋል። የሊቃችንም ጊዜ ደረሰ። ሼከሩን አወጣ። ሲንጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ለወንድሙ አማት ቀዳ፣ ለሽማግሌዎቹ ቀዳ። አስተዳደጉ ነውና እንደ ደንቡ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እየቀመሰ ነው የሚሰጠው። ሽማግሌዎቹ ጨዋማውን ብርጭቆ እየላሱ፣ አንዱ ይኼ ሾርባ ነው ወይስ ሎሚናት እያለ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰውዬው ደስ አለው። እስቲ አስቡት፣ ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲቆጥር የኖረ ሰው አንድ ቀን ሰው ሁሉ እጁን ሲያይለት። ያን ደስታ ለሁሉም ማዳረስ ፈለገ። ዞር ሲል ታናሹ የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ተቀምጧል።

አንዱን ብርጭቆ ይዞ ፊቱ ቆመ።

"ጋሼ፣ ለእኔ ይቅርብኝ" አለው ታናሹ።

"መቅመስ እኮ ነው። መቅመስና መጠጣት ይለያያል፤ ተምሬ ነው የመጣሁት።"

"የማልኩትን ታውቃለህ።"

"በሞቴ። እምቢ ካልከኝ ቅበረኝ።"

በሞቴ። ወገኖቼ፣ ይህች ቃል ስንቱን ጉሮሮ ከፍታለች? ስንቱን የጾመ አስገድፋለች? ታላቅ ወንድም ቆሞ፣ እንግዳ እያየ፣ በሞቴ ሲል ማን ይችላል? ብርጭቆውን እጁ ላይ አስያዘው፣ ከሥሩም ወደ አፉ ገፋ አደረገለት። በዚያው አፍታ ከወዲያ ጥግ አንዱ ሽማግሌ፣ ኧረ ለእኛም ድገመን ብሎ ጠራው። ሄደ። ጀርባውን ሰጠ።

ታናሹማ ምን ይጠብቃል! ጨለጠው። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ድገሙኝ አለ፣ ደገሙት፣ ሠለሱት። ተነሥቶ ጨፈረ። ወንበር ሰበረ፣ ያውም ሁለት። ታላቁ ሲመለስ የወንድሙ ሸሚዝ ደረቱ ድረስ ርሷል። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ያ አፍንጫ፣ ያ የሐዋሳ ምሩቅ አፍንጫ፣ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። አማቱም ሸተታቸው።  ተነሡ፣ የልጃቸውን እጅ ያዙ፣ በሌላ እጃቸው ያችን ትንሽ ሻንጣ ከበሩ ሥር አነሡ። ልጅቱ ወደ አባቷ ዞራ እያየች ወጣች።

ታናሹ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ታላቁ ግን እንግዳ ፊት ተዋርዷል።

"አሳፈርከኝ" አለው። "ከቤቴ ውጣ።"

በሞቴ ያለው ማን ነበር? እሱ። ውጣ ያለውስ? እሱ። በዚያችው አፍ።

በሳምንቱ ያን ታናሽ ወንድም ገደል ሥር ጠርሙስ እንዳቀፈ አገኙት። ታላቁ ዛሬም ሱቁ አለ። ሼከሩ ጠረጴዛው ላይ ብሎን ተሞልቶ ተቀምጧል። ደንበኛ ሲጠይቀው፣ ዕቃ መያዣ ነው ይላል።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቃችሁ። የእናንተ ሼከር የት ነው ያለው? በሰው ላይ ሊቅነታችሁን ያሳያችሁበት ብርጭቆ የት ነው? የሚጾመውን፣ ብላ በሞቴ ያላችሁ፤ የተወውን፣ አንዴ ብቻ ያላችሁ፤ ስትሰጡ ቸር፣ ሲወድቅ ፈራጅ የሆናችሁ፤ እናንተ አይደላችሁም? ደግሱልኝ ብሎ የለመናችሁ አለ? ወንድማችሁ የፈለገው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቤቱ መግባት ነበር። እኛ ግን የራሳችንን ጣዕም በጉሮሮው ካላወረድን ፍቅር አይመስለንም። ያም ምስኪን፣ ሁለት ዓመት የገነባውን በአንድ ጉንጭ አፈረሰው። አንድ ጉንጭ ብቻ! ከወደቁ ወዲያ መነሣት እንዲህ…

ምን አሉ እማማ? እዚያ ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት። ድምፅ ማጉያውን ስጧቸው። አይፈልጉም? እሺ፣ ዝም እንበልላቸው። ይናገሩ።

"መምህር፣ ላቋርጥዎት አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ጊዜ ነው። ሦስት መቶ ሰው አልነበረም። ዐሥር አንሞላም። በሬም አልታረደ፣ አንዲት በግ ናት። ወንበር የሰበረ የለም።"

እማማ፣ እዚያ ነበሩ እንዴ?

"የሁለቱም እናት ነኝ።"

እግዜር ያጽናዎት፤ ግን እንግዲህ ልጅዎ ጠጥቶ…

"አልጠጣም። ያ ብርጭቆ ሙሉ ነበር። ወንድሙ ሲገፋው ደረቱ ላይ ፈሰሰበት፤ እሱ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ነው የያዘው፣ ዓይኔ እያየ። ወንድሙ ጀርባውን ሲሰጥ መስኮቱ ላይ አኖረው። የቀረውን የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ጨዉ እንኳ ዳሩ ላይ እንዳለ ነበር።"

ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም እማማ?

"ተናግሬያለሁ። እናት ለልጇ ትሸፍናለች አሉኝ። አማቱ በየእሑዱ እፍ በል ይሉት የነበሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን እፍ በል ያለው የለም። አፉን ከፍቶ እኮ ቆሞ ነበር።"

 እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ነፍሱን ይማር ልበል እንጂ…

"አልሞተም፣ መምህር። ገደልም አልገባ። አስናቀ ነው ስሙ። እዚያው ጸበሉ ቦታ ውኃ ይቀዳል፣ ለበሽተኛ ይደርሳል። እሄድለታለሁ። ደህና ነው። ብቻ ሰው ሲመጣበት፣ ማንም ይሁን፣ ሰላም ሳይል አስቀድሞ ጠጋ ብሎ እፍ ይልበታል። ለእኔም እንደዚያው ነው።"